ጆን ቤኔት ላውዝ (1814–1900)፦ የናይትሮጅን ጥያቄ በማሳ ላይ የተፈተነበት ሕይወት

መግቢያ

ለአንድ የስንዴ ማሳ ምን ያህል ናይትሮጅን ይበቃዋል? በየትኛውስ ወር ቢሰጠው ይጠቀምበታል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የገበሬውን ወጪ፣ የምርቱን መጠንና ከማሳው የሚወጣውን ውሃ ንጽሕና ይወስናል። ስለዚህም መልሱ ከየት ይገኛል የሚለው ጉዳይ ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ላይ ብርቱ ክርክር አድርገዋል። አንደኛው ወገን መልሱ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከተክሉ አመድ ትንተና ይገኛል ሲል፣ ሌላኛው ወገን ማሳው ራሱ ይጠየቅ ብሎ ተነሣ። የሁለተኛው ወገን ዋና ሰው እንግሊዛዊው ባለርስት ጆን ቤኔት ላውዝ ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ የላውዝን ሕይወት በዚህ አንድ ጥያቄ ዙሪያ ይቃኛል። የሚያቀርበው ፍሬ ነገርም የሚከተለው ነው፦ የናይትሮጅንን አጠቃቀም በሚመለከት ላውዝ ያተረፈልን ትልቁ ቁም ነገር አንድ የተወሰነ የማዳበሪያ መጠን አይደለም። ያተረፈልን፣ መጠኑ በማሳ ላይ፣ ለብዙ ዓመታት፣ ከማነጻጸሪያ መደብ ጋር ተነጻጽሮ ሊታወቅ እንደሚገባው የሚያስረዳ አሠራር ነው። የዚህ አሠራር ጉድለትም ከራሱ ከሥራው ታሪክ ጎልቶ ይታያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ላውዝ ዲሴምበር 28 ቀን 1814 ከለንደን በስተሰሜን በሃርትፎርድሽር አውራጃ፣ በሃርፐንደን መንደር አጠገብ በሚገኘው የሮዛምስቴድ ርስት ተወለደ። አባቱ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳይሞላ በ1822 ስለሞቱ ርስቱን የማስተዳደሩ ኃላፊነት በእናቱ ላይ ወደቀ። በታወቀው የኢተን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1832 ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ብሬዝኖዝ ኮሌጅ ገባ፤ ነገር ግን ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። በዘመኑ የነበረው የኦክስፎርድ ትምህርት በግሪክና በላቲን ጽሑፎች ላይ ያተኮረ ስለነበረ፣ ልቡ ወደ ኬሚስትሪ ያዘነበለ ወጣት የሚፈልገውን ያህል የሚያገኝበት አልነበረም።

በ1834 የርስቱን ዋና እርሻ ተረከበ። በመጀመሪያ ያተኮረው ለመድኃኒት በሚያገለግሉ ተክሎች ላይ ነበር፤ ኦፒየም የሚገኝበትን ፖፒ፣ ቤላዶናንና ሌሎችንም እየዘራ በውስጣቸው ያለውን ንጥረ ነገር ለማውጣት ይሞክር ነበር። ለዚሁ ሥራ ከመኖሪያ ቤቱ መኝታ ክፍሎች አንዱን ወደ ቤተ ሙከራ ለወጠው። መደበኛ የሳይንስ ማዕረግ ሳይኖረው እርሻንና ቤተ ሙከራን በአንድ ግቢ ማዋሐዱ በኋላ ለመጣው ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነ።

ከአጥንት ዱቄት እስከ ሱፐርፎስፌት

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ገበሬዎች የተፈጨ አጥንት ለማዳበሪያነት ይጠቀሙ ነበር። የላውዝ ጎረቤት የነበሩት ሎርድ ዴክር የተባሉ ባለርስት አንድ እንግዳ ነገር አስተውለው ነበር፤ አጥንቱ በአንዳንድ እርሻዎች ላይ ምርት ሲጨምር በሌሎች ላይ፣ በሮዛምስቴድ ዙሪያ ያለውን መሬት ጨምሮ፣ ምንም ጥቅም አይሰጥም። ላውዝ ይህን አስተያየት እንደ ምርምር ጥያቄ ወሰደው። ከ1837 ጀምሮ አጥንትንና ማዕድናዊ ፎስፌትን በሰልፈሪክ አሲድ እያከመ በመጀመሪያ በማሰሮ በተተከሉ ተክሎች፣ በኋላም በማሳ ላይ ፈተነው። አሲዱ ፎስፌቱን በውሃ የሚሟሟ ስለሚያደርገው በተለይ ለእንስሳት መኖ በሚዘራው ተርኒፕ በተባለው ሥራሥር ላይ የታየው ለውጥ ከፍተኛ ነበር።

በ1842 ለዚህ አሠራር የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1843 ደግሞ በለንደን አቅራቢያ በዴትፎርድ ክሪክ ፋብሪካ አቋቁሞ ሱፐርፎስፌት የተባለውን ማዳበሪያ ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። ፋብሪካው ለሀብቱም ለምርምሩም ምንጭ ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ላውዝ ፎስፌት የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ በራሱ ገንዘብ ያካሄደው የስንዴ ሙከራ ግን ስንዴው ከሁሉ በላይ የተራበው ፎስፌት ሳይሆን ናይትሮጅን መሆኑን አሳየ። ይህንንም ውጤት ሳይሸሽግ አሳትሞታል።

ብሮድባልክ

በጁን 1843 ላውዝ ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት የተባለውን ወጣት ኬሚስት ቀጠረ። ጊልበርት በልጅነቱ በጥይት አደጋ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ሲሆን፣ በጀርመን በጊሰን ከተማ በታላቁ ኬሚስት በዩስቱስ ሊቢግ ዘንድ ተምሮ በ1840 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ ነበር። ላውዝ የተግባር ሰው፣ ፈጣንና ደፋር፤ ጊልበርት ደግሞ ለቁጥር ትክክለኛነት እጅግ የሚጨነቅ ነበር። ሁለቱ ሳይለያዩ 57 ዓመት አብረው ሠሩ።

በዚያው ዓመት መጸው ብሮድባልክ በተባለው ማሳ ላይ ስንዴ ተዘራ። ማሳው ረዣዥም ቁራጮች ሆኖ ተከፈለ። አንዱ መደብ ምንም ማዳበሪያ አልተሰጠውም። ሌላው በኤከር 14 ቶን፣ ማለትም በሄክታር 35 ቶን ያህል፣ የከብት ፍግ ተሰጠው። አንዱ መደብ ደግሞ ያንኑ ያህል ፍግ ተቃጥሎ አመዱ ብቻ ተበተነበት። የሙከራው አሳብ ግልጽ ነበር፤ ፍጉ ሲቃጠል ማዕድናቱ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፣ ናይትሮጅኑ ግን በአየር ይጠፋል። በ1844 አዝመራው ሲሰበሰብ ፍግ የተሰጠው መደብ ምርቱን በግልጽ ሲጨምር፣ አመድ የተሰጠው ግን ምንም ካልተሰጠው መደብ የተሻለ አልሰጠም። ማዕድን ብቻውን የፍግን ሥራ አልሠራም ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየመደቡ የሚሰጠው የማዳበሪያ ዓይነት ይለዋወጥ ስለነበረ ውጤቱን ከዓመት ዓመት ማነጻጸር አዳጋች ነበር። በ1852 ግን እያንዳንዱ መደብ ቋሚ ድርሻ ተመደበለት። ፎስፈረስ፣ ፖታሽየም፣ ሶዲየምና ማግኒዝየም በተሰጣቸው መደቦች ላይ ናይትሮጅን በአሞኒየም ጨው መልክ በሦስት ደረጃ ተጨመረ፤ መጠኑም በዛሬው አለካክ በሄክታር 48፣ 96 እና 144 ኪሎ ግራም ነው። ዛሬ የማዳበሪያ ምላሽ ሙከራ የሚባለው የምርምር ዓይነት እዚህ ላይ ቅርጹን ይዞ ይታያል፦ ዜሮ የሆነ ማነጻጸሪያ፣ በእኩል እርከን የሚያድግ መጠን፣ ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች የማያንሱበት መሬት።

ውጤቱ በጥቂት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። ምንም ያልተሰጠው መደብ በሄክታር አንድ ቶን ገደማ እህል እየሰጠ ቀጠለ። ማዕድን ብቻ የተሰጠው ከዚህ እምብዛም አልራቀም። ናይትሮጅን ሲታከል ምርቱ ከፍ አለ፤ ሆኖም ሦስተኛው እርከን ያስገኘው ጭማሪ ከፊተኞቹ ሁለት እርከኖች በግልጽ ያነሰ ነበር። ናይትሮጅን ብቻውን፣ ያለ ማዕድን የተሰጠው መደብ ደግሞ በመጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ሳለ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ሁለቱንም ካገኘው መደብ እየራቀ ወደ ኋላ ቀረ። ሙሉ ማዳበሪያ ያገኘው መደብ በበኩሉ ፍግ ከተሰጠው መደብ ጋር የሚመጣጠን ምርት ሰጠ። ከእነዚህ ነጥቦች አንዳቸውም በአንድ ዓመት መረጃ ሊረጋገጡ የሚችሉ አልነበሩም።

ከሊቢግ ጋር የተደረገው ክርክር

ሊቢግ በ1840 ባሳተመው የግብርና ኬሚስትሪ መጽሐፍ ተክሎች ካርቦን ከአየር፣ ማዕድናትን ከአፈር እንደሚወስዱ በማስተማር ለዘርፉ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። በ1843 ግን ከዚህ አልፎ፣ ሰብሉ ከአፈር የወሰዳቸው ማዕድናት ከተመለሱለት ዝናብና አየር የሚያመጡት አሞኒያ ይበቃዋል ወደሚል አቋም ደረሰ። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት የአንድን ተክል አመድ መተንተን ለማዳበሪያው ቀመር በቂ መመሪያ ነው። በ1845ም በስሙ የተዘጋጀ ማዳበሪያ በእንግሊዝ ገበያ ላይ ዋለ። ማዳበሪያው ናይትሮጅን ያልታከለበት ከመሆኑም በላይ በዝናብ እንዳይታጠብ ተብሎ ማዕድናቱ ቀልጠው ስለተጋገሩ ሥሩ ሊጠቀምባቸው አልቻለም። የገዙት ገበሬዎች ያወጡትን ገንዘብ የሚመልስ ምርት አላገኙም።

ላውዝ በ1847 በእንግሊዝ ሮያል የግብርና ማኅበር መጽሔት ላይ የብሮድባልክን ውጤት ይዞ ወጣ። ስንዴ ከአየር የሚያገኘው ናይትሮጅን ለጥሩ ምርት እንደማይበቃው፣ የአመድ ትንተናም ተክሉ ምን እንደያዘ እንጂ መሬቱ ምን እንደጎደለው እንደማይናገር አስረዳ። ሊቢግ በቁጣ መለሰ፤ ክርክሩም በ1850ዎቹ ውስጥ ተጋጋለ። ሊቢግ በዘመኑ ከሚታወቁት ኬሚስቶች ሁሉ የላቀ ዝና የነበረው ሲሆን፣ ላውዝ ዲግሪ የሌለው ባለርስት፣ ጊልበርትም የሊቢግ የቀድሞ ተማሪ ነበሩ። በዝና ሚዛን ክርክሩ ገና ሳይጀመር የተበየነ ይመስል ነበር። ሚዛኑን ያዛባው በየዓመቱ ከተመሳሳይ መደቦች የሚመጣው ቁጥር ነው። የእንግሊዝ ገበሬዎችም ከማን ጋር እንደቆሙ በተግባር አሳዩ፤ ገንዘብ አዋጥተው በ1855 ለላውዝ አዲስ ቤተ ሙከራ አሠሩለት። ላውዝ በ1854 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1867ም ከጊልበርት ጋር የማኅበሩን ሜዳልያ ተሸለመ።

ለፍትሐዊነት ሲባል መጨመር ያለበት ነገር አለ። ብሮድባልክ ሊቢግ ስለ ማዕድናት የተናገረውን አላፈረሰም፤ ናይትሮጅን ብቻውን ያገኘው መደብ ወደ ኋላ መቅረቱ የማዕድናትን አስፈላጊነት ያረጋግጣል። የተሸነፈው አንዱን ንጥረ ነገር ከቀመሩ ያወጣው ድምዳሜ ብቻ ነው።

ናይትሮጅኑ ወዴት ይሄዳል?

ላውዝና ጊልበርት በምርት ሚዛን ብቻ አልቆሙም። ከየመደቡ እህልና ገለባ እየወሰዱ የናይትሮጅን ይዘቱን ሲለኩ፣ ሰብሉ የወሰደው ናይትሮጅን ከተሰጠው መጠን በእጅጉ የሚያንስ ሆኖ አገኙት። የቀረው ወዴት ሄደ?

በ1849 በእያንዳንዱ መደብ መሐል ለመሐል ከመሬት በታች ትርፍ ውሃ የሚያስወግድ የሸክላ ቱቦ ተቀብሮ ነበር። ቱቦው የተቀበረው ለተራ የእርሻ ጥቅም ቢሆንም፣ ከ1866 ጀምሮ ከየቱቦው የሚፈሰው ውሃ ተቀድቶ በሌሎች ኬሚስቶች ተመረመረ። በውሃው ውስጥ አሞኒያ እምብዛም አልነበረም፤ ናይትሬት ግን ነበረ፤ መጠኑም መደቡ ከተቀበለው የአሞኒየም ጨው ጋር አብሮ ያድጋል። በመጸው የተበተነ የአሞኒየም ጨው በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት እየተለወጠ፣ ስንዴው ገና ቡቃያ ሳለ በብርዳማዎቹ ወራት ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ማዳበሪያውን የመስጫው ጊዜ ራሱ የምርምር ጥያቄ ሆነ፤ ቆይቶም ጥቂቱ ብቻ በመጸው፣ አብዛኛው ግን ተክሉ ማደግ በሚጀምርበት በጸደይ እንዲሰጥ ተወሰነ።

በ1870 ደግሞ ሦስት የስርገት ውሃ መለኪያዎች ተሠሩ። አፈሩ ሳይነካና ሳይገለበጥ ዙሪያውን በግንብ ተከቦ፣ ከሥሩ ውሃ መሰብሰቢያ ተበጀለት፤ ጥልቀታቸው 50፣ 100 እና 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ምንም ሰብልና ማዳበሪያ ሳይሰጣቸው ከእነዚህ መለኪያዎች የወጣው ውሃ በርካታ ናይትሬት ይዞ ተገኘ። በዚህም ከማሳ የሚታጠበው ናይትሬት ሁሉ ከማዳበሪያ ከረጢት የመጣ እንዳልሆነ፣ አፈሩ ራሱ በውስጡ ካለው ብስባሽ እያመነጨ እንደሚለቀው ታወቀ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላውዝ፣ ጊልበርትና ባልደረባቸው ሮበርት ዋሪንግተን ስለ ዝናብና ስለ ስርገት ውሃ ያቀረቡት ዘገባ የዚህ ሁሉ ልኬት ፍሬ ነው።

የጥራጥሬ እንቆቅልሽ

የማሳ መረጃ ከቤተ ሙከራ ጋር ሲጋጭ ምን ይደረግ? ላውዝና ጊልበርት ይህን ፈተና በራሳቸው ሥራ ላይ አይተውታል። በ1857 ኢቫን ፑ ከተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ጋር ሆነው ተክሎች በአየር ውስጥ ያለውን ነጻ ናይትሮጅን ይጠቀሙ እንደሆነ ለማወቅ ጥንቃቄ የተሞላበት ሙከራ ጀመሩ። አፈሩ በእሳት ተግሎ፣ አየሩም ከአሞኒያ ነጽቶ፣ ተክሎቹ በመስታወት ሽፋን ውስጥ አደጉ። በ1861 የታተመው ውጤት ስንዴም ሆነ ባቄላ ነጻ ናይትሮጅን አይጠቀሙም የሚል ነበር።

በማሳቸው ላይ ግን ሌላ ነገር ይታይ ነበር። ባቄላና ማገጥ ያለ ምንም ናይትሮጅን ማዳበሪያ ከስንዴ የበለጠ ናይትሮጅን ይሰበስባሉ፤ ከማገጥ በኋላ የተዘራ ስንዴም ይሻሻላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ለዚህ ተቃርኖ በቂ ማብራሪያ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም የማሳውን ቁጥር ከቤተ ሙከራው ጋር እንዲስማማ አላቃኑትም፤ እንዳለ አሳተሙት። በ1886 ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪጌል በበርሊን በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ በጥራጥሬ ሥር ላይ ያሉ እባጮች በውስጣቸው በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን እንደሚያስሩ ገለጠ። ጊልበርት በጉባኤው ላይ ነበር። የሮዛምስቴድ ሙከራ ያላየው ነገርም ግልጽ ሆነ፤ አፈሩ ሲጋል ባክቴሪያዎቹ አብረው ጠፍተው ነበር። ላውዝና ጊልበርት ከ1888 ጀምሮ ሙከራውን እንደገና አካሂደው የሄልሪጌልን ግኝት አረጋገጡ። ከ30 ዓመት በላይ ማብራሪያ ሳያገኝ የተቀመጠው የማሳ መረጃ በመጨረሻ ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ማሳ ለሁሉም አይመሰክርም

ላውዝ የሮዛምስቴድ መሬት ለእንግሊዝ ሁሉ ሊናገር እንደማይችል ያውቅ ነበር። ስለዚህም በ1850ዎቹ መጀመሪያ በኖርፎክ አውራጃ፣ በሆልካም እርሻ የስንዴ ሙከራ እንዲካሄድ አደረገ። ከ1863 ጀምሮም ከብሮድባልክ መደቦች ምርት ተነሥቶ የአገሪቱን የዓመት የስንዴ ምርት እየገመተ ለዘ ታይምስ ጋዜጣ በየዓመቱ ይጽፍ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የተገኘው ግን ከዎበርን ነው። በ1876 ሮያል የግብርና ማኅበር በዚያ የሙከራ እርሻ ሲያቋቁም ላውዝ በዕቅዱ ተሳትፏል። የዎበርን አፈር አሸዋማና ኖራ የጎደለው ነበር። በሮዛምስቴድ ግን የቀድሞ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን የኖራ አፈር ከሥር እየቆፈሩ በማሳው ላይ በትነው ስለነበር፣ የአሞኒየም ጨው የሚያስከትለው አሲድ በብሮድባልክ ላይ ለዓመታት ጉዳቱ ሳይታይ ቆየ። በዎበርን ያው ማዳበሪያ በየዓመቱ ሲሰጥ አፈሩ አሲዳማ ሆነ፤ በ1890ዎቹም የአሞኒየም ጨው በተሰጣቸው መደቦች ላይ ገብሱ እየመነመነ መጣ፤ ኖራ ሲጨመርለት ግን አገገመ። ብሮድባልክን ብቻ ያየ ተመራማሪ ይህን አደጋ ሊተነብይ አይችልም ነበር። ያው ማዳበሪያ በአንዱ መሬት በረከት፣ በሌላው ጉዳት መሆኑን ያሳየው ሁለተኛው ማሳ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ላውዝ የማዳበሪያ ፋብሪካውን በ1872 በ300,000 ፓውንድ ሸጠ። በ1882 ባሮኔት የሚል የክብር ማዕረግ ተሰጠው። በ1889 ደግሞ 100,000 ፓውንድ፣ ቤተ ሙከራውንና የሙከራ ማሳዎቹን ለምርምሩ ቀጣይነት በአደራ የሚይዝ ተቋም መሠረተ። በዚህ ውሳኔ ሙከራው ከባለቤቱ ዕድሜ ጋር እንዳይቀበር አደረገ። ለአንድ የረጅም ጊዜ ሙከራ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም፤ መደብ የሚለካ ሰው ቢገኝ እንኳ ደመወዙን የሚከፍል ከሌለ መረጃው ይቋረጣልና።

በ1893 የሙከራው 50ኛ ዓመት ሲከበር በቤተ ሙከራው ፊት የግራናይት መታሰቢያ ድንጋይ ቆመ፤ ጊልበርትም በዚያው ዓመት የሰር ማዕረግ አገኘ። ላውዝ ኦገስት 31 ቀን 1900 በ85 ዓመቱ በተወለደበት በሮዛምስቴድ ዐረፈ። ጊልበርት በዲሴምበር 1901 ተከተለው።

ላውዝ ካስቀረው ቅርስ አንዱ ብዙ ጊዜ አይወሳም። ከ1843 ጀምሮ ከየመደቡ የተወሰደ እህል፣ ገለባና አፈር ደርቆና ታሽጎ ይቀመጥ ነበር። ናሙናውን የሚመዝኑትና የሚለዩት አብዛኛውን ጊዜ ከአካባቢው መንደር የተቀጠሩ፣ በሥራ ላይ የሠለጠኑ ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ የናሙናው ቁጥር ከ300,000 በላይ ነው። የላውዝ ዘመን ያላወቃቸው መለኪያዎች ሲፈጠሩ በእነዚያ ናሙናዎች ላይ ሊሠራባቸው ችሏል።

ከላውዝ በኋላ

በዛሬው መስፈርት ሲመዘን ብሮድባልክ ጉድለት አለበት። መደቦቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ አልተደገሙምም። በሁለት መደቦች መካከል የሚታየው ልዩነት ከማዳበሪያው ይሁን ከመሬቱ የተፈጥሮ ልዩነት፣ ስሕተቱን የሚለካ ነገር በሙከራው ውስጥ አልነበረም። በ1919 ሮናልድ ፊሸር የተባለው ወጣት የሒሳብ ሊቅ የተጠራቀመውን መረጃ እንዲመረምር በሮዛምስቴድ ተቀጠረ። በ1921 ባሳተመው ጥናት የብሮድባልክን የብዙ ዓመታት ምርት መርምሮ የአየር ጠባይን፣ የአፈር መዳከምንና ቀስ በቀስ የሚመጡ ሌሎች ለውጦችን ለየብቻ ለመለየት ሞከረ። መረጃው የሚመልሰውንና የማይመልሰውን በቅርብ ስላየ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት መደቦችን በዕጣ መመደብን፣ መድገምንና በብሎክ ማቧደንን የማሳ ሙከራ መሠረት አድርጎ አስተማረ። ዛሬ ተመራቂ ተማሪ የምርምር ዕቅዱን ሲያቀርብ ስንት ድግግሞሽ እንዳለው የሚጠየቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ታሪክ ከአገራችን ጉዳይ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ለገበሬው ይሰጥ የነበረው የተለመደ ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚል ነበር። ይህ በናይትሮጅን ሲሰላ 64 ኪሎ ግራም ይሆናል። ቁጥሩ ለመያዝ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሃ በሚቋጥር ጥቁር ዋልካ ላይ፣ በአሲዳማ ቀይ አፈር ላይና ባቄላ በተነሣበት ማሳ ላይ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ላውዝ በሆልካምና በዎበርን ሊያስወግድ የሞከረውን ግምት መድገም ነው። ኖራ ያልተጨመረለት አሲዳማ አፈር የሚሰጠውን ናይትሮጅን በሙሉ አይጠቀምበትም፤ ክረምቱ ከመጠን በላይ በሚዘንብበት አካባቢም በዘር ወቅት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ዩሪያ ለመታጠብና ለመባከን ይጋለጣል።

ማጠቃለያ

ከላውዝ ሕይወት ለዛሬ ተመራማሪ የሚተርፉ አራት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ምንም ያልተሰጠው መደብ የባከነ መሬት አይደለም፤ የሌሎቹ ሁሉ ትርጉም የሚታወቀው በእሱ ነው። በገበሬ ማሳ ላይ ሙከራ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ይህ መደብ ስለሆነ፣ ከገበሬው ጋር ቀድሞ መነጋገርና ለሚያጣው ምርት ካሣ ማሰብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ምርት ብቻውን ስለ ናይትሮጅን ሙሉ ነገር አይናገርም፤ በእህሉና በገለባው የወጣው፣ በአፈሩ የቀረውና በውሃ የታጠበው ቢለካ ነው ምክሩ የሚሟላው። ሦስተኛ፣ ከተጠበቀው ውጭ የሆነ የማሳ ውጤት ከሠንጠረዥ መውጣት የለበትም፤ የማገጡ ቁጥር ማብራሪያውን የሚያመጣ ሰው እስኪገኝ 30 ዓመት ጠብቋል። አራተኛ፣ በአንድ ጣቢያ የተገኘ መጠን በሌላ አፈር ላይ ሳይፈተን ምክር ሊሆን አይገባም፤ በዎበርን የመነመነው ገብስ ይህን በማያሻማ መንገድ አሳይቷል።

የሁለትና የሦስት ዓመት ጊዜ ብቻ ያለው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብሮድባልክን ሊያቋቁም አይችልም። ሊያደርገው የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም፦ የመደቡን ትክክለኛ ስፍራ፣ የአፈሩን ዓይነት፣ ቀድሞ የተዘራውን ሰብል፣ ማዳበሪያው የተሰጠበትን ቀንና የዝናቡን መጠን በሚገባ መዝግቦ፣ ናሙናውን አሽጎ፣ ለሚቀጥለው ተማሪ ማስረከብ። የሮዛምስቴድም መዝገብ በዚህ ዓይነት ሥራ በየዓመቱ እየተጨመረበት ነው ለፊሸር የደረሰው።